በአሜሪካ የተሠራ ሰንጢ ወይስ ከውጭ የመጣ? ከሚያስመርሩ ጉድለቶች የሚነሣ ንጽጽር

የኪስ ሰንጢ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን አደባልቆ ይጠይቃል። አንደኛው ሰንጢው በየቀኑ ሲያዝና ሲሠራበት ያስመርራል ወይስ አያስመርርም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እዚሁ አገር ተሠርቷል ወይስ ከውጭ መጥቷል የሚል ነው። በአሜሪካ የምንኖር አንባቢዎች ሁለተኛውን ጥያቄ በሥራ ቦታ፣ በተለይም በመጋዘንና በጭነት መኪና ሥራ ላይ ካሉ ባልደረቦቻችን ደጋግመን የምንሰማው ሲሆን፣ ምክራቸውም ባብዛኛው «የአገር ውስጡን ግዛ፣ ትገላገላለህ» የሚል ነው። ምክሩ ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ጥፍር የሚሰብር ሞላ፣ ኪስ የሚቀድ ክሊፕ፣ ወይም ብርቱካን እንኳ በወጉ መላጥ የማይችል ወፍራም ስለት ከንድፍ የሚመነጭ ጉድለት ስለሆነ፣ ፋብሪካው ኦሪገን ውስጥ ቢሆን በቻይናዋ ጓንግዶንግ ውስጥ ቢሆን አይለወጥም። የአገር ውስጥ ምርት የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ሲበላሽ የሚመለስበት በር ቅርብ መሆኑ፣ የዕቃው ምንጭ በግልጽ መታወቁ፣ የሚከፈለውም ገንዘብ እዚሁ ለሚኖር ሠራተኛ ደመወዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ሰንጢዎቹን በመጀመሪያ በሚያስመርሩበት ነገር አነጻጽራለሁ፤ ቀጥሎም የተሠሩበት አገር ለዋጋ ልዩነታቸው ይበቃ እንደሆነ እመዝናለሁ።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ ከሱቅ ሱቅና ከወር ወር ስለሚለያዩ በግምት የቀረቡ ናቸው።

ማኅተሙን ማንበብ

ሰንጢ ከሌሎች ብዙ ሸቀጦች በተለየ ሁኔታ ለገዢው የሚመች አንድ ነገር አለው። በአሜሪካ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት የሚያዝዘው ሕግ ከ1890ው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት በ1930 የወጣው የቀረጥ ሕግ አንቀጽ 304 ነው። አብዛኛው ሸቀጥ በተለጣፊ ወረቀት ሊያልፍ ይችላል፤ ቢላ፣ ሰንጢ፣ ፒንሳና የመሳሰሉት ግን በጉምሩክ ደንቡ ውስጥ በስም ተለይተው ተጠቅሰዋል፤ የአገሩም ስም በብረቱ ላይ በማኅተም፣ በቅርጽ ወይም በአሲድ እንዲጻፍባቸው ታዝዟል። በመሆኑም ሻጩ ያሻውን ቢናገር፣ በማሸጊያው ላይም የአሜሪካ ባንዲራ ተንሰራፍቶ ቢታይ፣ ሰንጢውን ከፍቶ ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ሥር በሁለቱም ጎን ማየት ይበቃል። በድረ ገጽ የሚገዛ ሰው ደግሞ የዚያን ክፍል ፎቶግራፍ ካላገኘ ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ «በአሜሪካ ተነድፏል» ወይም «የአሜሪካ ኩባንያ» የሚሉት ሐረጎች የመሥሪያ ቦታን አይናገሩምና።

«የአሜሪካ ምርት» የሚለው አባባል በራሱ በሌላ ደንብ የሚገዛ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን ቃል ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚጠቀም ኩባንያ ዕቃውን በሙሉ ወይም በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን እዚሁ የሠራ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከነሐሴ 2021 ጀምሮም ይህ መመዘኛ በገንዘብ የሚያስቀጣ ደንብ ሆኗል። ካሊፎርኒያ ከዚያ በፊት የባሰ ጥብቅ ሕግ ነበራት። መቀመጫው ፖርትላንድ የሆነው የሁለገብ መሣሪያ ኩባንያ ሌዘርማን ከአንዳንድ መሣሪያዎቹ ውስጥ በውጭ አገር የተሠሩ ክፍሎች በመገኘታቸው በዚያ ሕግ ተከሶ ነበር፤ የግዛቲቱ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2006 ኩባንያው በተጠቀመበት ጽሑፍ ሕጉን ጥሷል የሚለውን ውሳኔ አጽንቷል። ካሊፎርኒያ ሕጓን ያላላችው ከ2016 ጀምሮ ነው፤ አሁን ከጅምላ ዋጋው እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የውጭ ክፍል ያለበትን ዕቃ፣ ክፍሉ በአገር ውስጥ የማይገኝ ከሆነም እስከ 10 በመቶ ድረስ ትፈቅዳለች።

ማኅተሙ የማይነግረን ነገርም አለ፤ እርሱም ባለቤቱና ጥሬ ዕቃው ነው። ከርሾ የተባለው ስም በ1974 ፖርትላንድ ውስጥ ተመሥርቶ ከ1977 ጀምሮ የጃፓኑ ካይ ኩባንያ ንብረት ሲሆን፣ ሊክ የተባለው ሰንጢው በቱዋላቲን፣ ኦሪገን ይሠራል፤ ብረቱ ግን 14ሲ28ኤን የሚባል የስዊድን ብረት ነው። ሠራተኛው አሜሪካዊ፣ ትርፉ ጃፓን የሚሄድ፣ ብረቱ ስዊድናዊ የሆነን ዕቃ «የአገር ውስጥ» ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። በእኔ አመለካከት የሚቆጠረው እጅ ነው፤ ብረቱን ቆርጦ፣ በእሳት አጠንክሮ፣ ስሎ የገጣጠመው ሠራተኛ የት እንደሚኖር ከታወቀ የቀረው ለባለአክሲዮኖች ይተው።

ያረጁ ስሞችና የተቀላቀሉ ስሞች

ከሁሉ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከአያት ዘመን ዝና ነው። ኢምፒሪያል ሽሬድ በኤለንቪል፣ ኒው ዮርክ የነበረውን ፋብሪካውን በ2004 ዘግቷል፤ ካሚለስ ደግሞ በ2007 ተከትሎታል። ፋብሪካዎቹ ቢዘጉም ስሞቹ ተሸጠዋል፤ ዛሬ የሽሬድ የነበረውን «ኦልድ ታይመር» የሚል ጽሑፍ ይዞ በመደርደሪያ ላይ የሚታየው ሰንጢ በመልኩ የቀድሞውን ቢመስልም ባብዛኛው ቻይና ውስጥ የተሠራ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤት ሠላሳ ዓመት የያዙትን ሰንጢ አሳይተውት ያንኑ ስም ፈልጎ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ሌላ ዕቃ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በአንድ ስም ሥር በሁለትና በሦስት አገር የሚያሠሩ ኩባንያዎች ይመጣሉ። ባክ፣ ገርበርና ከርሾ ሁሉም ከአሜሪካ ፋብሪካዎቻቸው ጎን ለጎን ከቻይና የሚያስመጧቸው ሞዴሎች አሏቸው፤ በተለምዶም በትልልቅ መደብሮች በርካሽ የሚሰቀሉት የኋለኞቹ ናቸው። በዚህ ረገድ ለገዢው በጣም የሚመቸው የስፓይደርኮ አሠራር ይመስለኛል። ኩባንያው ጎልደን፣ ኮሎራዶ የሚገኝ ሲሆን፣ ከራሱ ፋብሪካ ሌላ በጃፓን ሴኪ ከተማ፣ በታይዋን ታይቹንግ፣ በጣሊያን ማኒያጎና በቻይና ያሠራል፤ የትኛው የት እንደተሠራም በየስለቱ ላይ ሳይሸፋፍን ይጽፋል። ፓራ ሚሊተሪ 2 የጎልደን ሥራ ነው፤ ዴሊካ የሴኪ ነው፤ ቴኔሺየስ የቻይና ነው፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይለያያል።

ባክ 110 እና ቀጭኑ ወንድሙ

ባክ 110 ከ1964 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ ብዙዎች ሳያውቁት እንኳ መልኩን የሚለዩት ሰንጢ ነው። ስለቱ 9.5 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ የእጀታው ሁለት ጫፎች ነሐስ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጥቁር እንጨት ኩባንያው እንደሚገልጸው ከካሜሩን የሚመጣ ዞጲ ነው። ብረቱ 420 ኤችሲ የሚባለው፣ በወረቀት ላይ ሲነበብ ተራ የሚመስል ብረት ነው፤ ነገር ግን ኩባንያው ብረቱን በእሳት የሚያጠነክርበት ዘዴ የተመሰገነ በመሆኑ፣ ከስሙ በላይ ስለቱን ይዞ ይቆያል፤ በተራ ድንጋይም ይሳላል። ፋብሪካው በ2005 ከካሊፎርኒያ ወደ ፖስት ፎልስ፣ አይዳሆ ተዛውሯል።

የሚያስመርረው ምኑ ነው ቢባል መልሱ ክብደቱ ነው። ወደ 200 ግራም የሚመዝን ብረትና ነሐስ በሱሪ ኪስ ይዞ መዋል አይመችም፤ ለዚህም ነው ከቆዳ ሰገባ ጋር የሚሸጠው፤ ሰገባው ደግሞ ቀበቶ ላይ ስለሚታይ ቢሮ ለሚውል ሰው አይሆንም። ሁለተኛው ጉድለት ለመክፈት ሁለት እጅ መጠየቁ ነው። መቆለፊያው በእጀታው ጀርባ ላይ ያለ ስለሆነ በአንድ እጅ ለመዝጋት መሞከር ጣትን ለአደጋ ያጋልጣል። ነሐሱም በላብ ይጠቁራል፤ እጅ ላይ የሚተወውን ሽታ የማይወዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

110 ስሊም ሴሌክት የተባለው ቀጭን ዓይነት የተሠራው እነዚህን ቅሬታዎች ለመመለስ ነው። ስለቱና ብረቱ ያው ነው፤ ፋብሪካውም ያው ነው፤ እጀታው ግን በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ፕላስቲክ በመሆኑ ክብደቱ ከዋናው ከግማሽ በታች ይወርዳል። በአውራ ጣት የሚከፈትበት ጉብታ በሁለቱም ጎን አለው፤ ክሊፑም ለግራኝ እንዲሆን ይገለበጣል። በአንጻሩ ያ የሚያምረው ነሐስና እንጨት የለውም፤ ሲያዝም ርካሽ የሆነ ያህል ይሰማል።

ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ስለሚገኙ፣ የአገር ውስጥ ምርት መግዛት ለሚፈልግና በጀቱ ለተወሰነ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ለዕለት ሥራ ስሊሙን፣ ለስጦታ ዋናውን እመርጣለሁ። የ110ን መልክ ገልብጠው በ15 እና በ20 ዶላር የሚሸጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሰንጢዎች አሉ፤ በእነዚህ ላይ መቆለፊያው ሲቆለፍ ስለቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀስ እንደሆነ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም። መቆለፊያው የላላ ሰንጢ መቆለፊያ ከሌለው ሰንጢ የበለጠ ያሰጋል፤ ምክንያቱም ሰው ተማምኖበት ይጫነዋል።

ኬዝ እና ቪክቶሪኖክስ

መቆለፊያ የሌላቸውን፣ በሞላ ብቻ የሚይዙትን ባህላዊ ሰንጢዎች የሚወድ ገዢ በአሜሪካ የሚያገኘው ዋነኛ ስም ኬዝ ነው። ኬዝ ከ1889 ጀምሮ የነበረ ሲሆን በብራድፎርድ፣ ፔንሲልቬንያ ይሠራል፤ ከ1993 ወዲህ ባለቤቱ በዚያችው ከተማ ላይተር የሚሠራው ዚፖ ነው። ትራፐር የሚባለው ሞዴሉ ሲዘጋ 10.5 ሴንቲሜትር ያህል ሲረዝም፣ ሁለት ረጃጅም ስለቶች አሉት፤ አንደኛው ሹል ጫፍ ያለው ሲሆን፣ ሌላው ጫፉ ደብዘዝ ያለ፣ ስሙንም ከብት ከማኮላሸት ሥራ ያገኘ ነው። እጀታው ከአጥንት ሲሆን በቀለም ተነክሮ ይጌጣል፤ በእርግጥም ያምራል።

ከአትላንቲክ ማዶ ያለው ተፎካካሪው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ነው። በ1884 ተመሥርቶ፣ የታወቀውን የመኮንኖች ሰንጢውን በ1897 በሕግ አስመዝግቦ፣ እስከ ዛሬ በኢባክ መንደር የሚሠራ ኩባንያ ነው። ለዚህ ንጽጽር የሚስማማው ካዴት የሚባለው፣ እጀታው አልሙኒየም የሆነው፣ 84 ሚሊሜትር የሚረዝመው ሞዴል ነው፤ አንድ ስለት፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፣ የጥፍር ሞረድም አለው።

እነዚህን ሁለቱን የሚለየው የሚያስመርር ነገር የሞላው ጥንካሬ ነው። ሁለቱም በጥፍር ጎድጓዳ የሚከፈቱ ናቸው፤ የቪክቶሪኖክስ ሞላ በማሽን ትክክለኛነት ስለተለካ ከሰንጢ ሰንጢ አይለያይም፤ ሳያስቸግርም ይከፈታል። ኬዝ በአንጻሩ ብዙ ሥራው በእጅ ስለሚያልፍ አንዱ ልዝብ፣ ሌላው ጥፍር ገንጣይ ሊሆን ይችላል። የእጅ ሥራን የሚያደንቁ ሰዎች ይህን ልዩነት እንደ ባሕርይ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ባሕርይ የሚባለውን ሰበብ እምብዛም አልቀበልም፤ ዕቃ የሚገዛው ሊሠራበት ነውና። ስለዚህ ኬዝ የሚገዛ ሰው ሱቅ ሄዶ፣ ሦስት አራቱን አስወጥቶ፣ እየከፈተና እየዘጋ ቢመርጥ ይሻለዋል። ስለቶቹ ሲዘጉ እርስ በርሳቸው መነካካታቸውንም ይመልከት።

የብረቱ ጉዳይ ሁለተኛው ልዩነት ነው። ኬዝ በሁለት ብረት ይሠራል፤ አንደኛው ትሩ ሻርፕ የሚለው የማይዝግ ብረት ሲሆን ሌላው በሲቪ ፊደላት የሚታወቀው፣ ክሮምና ቫናዲየም የገባበት፣ ነገር ግን የሚዝገው ካርቦን ብረት ነው። ሎሚና ሽንኩርት ከቆረጡበት በኋላ ሳይጠርጉ ካስቀመጡት ሲቪው ይጠቁራል። ቪክቶሪኖክስ አይዝግም፤ ሆኖም ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይዶለዱማል፤ መልሶ ለመሳልም ያንኑ ያህል ፈጣን ነው። ስለ ካርቦን ብረት ከተነሣ፣ በቲተስቪል፣ ፔንሲልቬንያ በ2006 የተመሠረተው ግሬት ኢስተርን ከለሪ 1095 በተባለ ካርቦን ብረት እጅግ ያማሩ ሰንጢዎች ይሠራል። በምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሸጥ ቢላ የያዘ ሰው የካርቦን ብረትን ጠባይ ያውቀዋል፤ ስለቱ ይሰላል፣ ዝገቱም አይዘገይም። የግሬት ኢስተርን ችግር ግን ሌላ ነው፤ በጥቂት ቁጥር እየተሠራ ወዲያው ስለሚያልቅ ገዢው ከፋብሪካው ዋጋ በላይ ለሚጠይቁ ሰብሳቢዎች ይጋለጣል።

ቪክቶሪኖክስ ከኬዝ ትራፐር በግልጽ ይረክሳል፤ ሥራውም ንጹሕ ነው። የአገር ውስጥ ምርት በሚል ብቻ ኬዝን የሚገዛ ሰው ለውበቱና ለብራድፎርድ ሠራተኛ እየከፈለ መሆኑን አውቆ ይክፈል፤ የተሻለ መቁረጫ ግን እየገዛ አይደለም። በዚህ ጥንድ እኔ ስዊዞቹን እመርጣለሁ።

ሊክ፣ በአጭሩ

ከላይ የተጠቀሰው የከርሾ ሊክ ቀጭን፣ 7.6 ሴንቲሜትር ስለት ያለውና በውስጡ ባለው ሞላ ታግዞ በፍጥነት የሚከፈት ሰንጢ ነው። ሁለት የታወቁ ጉድለቶች አሉት። ጫፉ በጣም ስለሚሾል፣ ነገር መፈልቀቂያ ካደረጉት ይሰበራል፤ ኪስ ውስጥ እንዳይከፈት ጫፉን የሚይዘው ትንሽ ማገጃ ደግሞ ብሎኑ እየላላ ያስቸግራል። በከርሾ ስም የሚሸጡት የቻይና ሞዴሎች ወፈር ያሉ በመሆናቸው ጫፋቸው አይሰበርም፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ደብዳቤና ፍራፍሬ ላይ እንደ ሊክ አይቆርጡም። ካርቶን የሚከፍት ሰው በቻይናው ቢረካ አይፈረድበትም።

ቡጋውት፣ ዴሊካ እና ኤሌመንተም

የዋጋው ጥያቄ ገንኖ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ቤንችሜድ በኦሪገን ሲቲ የሚሠራው ቡጋውት የተባለ ሰንጢ 8.2 ሴንቲሜትር ስለት ይዞ 52 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ኪስ ውስጥ መኖሩ ይረሳል። ዋጋው 180 ዶላር ገደማ ነው። የሴኪው ዴሊካ 70 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለቱ ከ7.5 ሴንቲሜትር ትንሽ ያንሳል፤ ቪጂ-10 የሚባል የጃፓን ብረት አለው፤ ዋጋውም ከቡጋውት በእጅጉ ይወርዳል። ሲቪቪ የተባለው የቻይና ስም ኤሌመንተም ብሎ የሚሸጠው ሰንጢ ደግሞ ከዴሊካ ጋር የሚቀራረብ ስለት ይዞ በ60 ዶላር አካባቢ ይገኛል።

በአጨራረስ ጥራት ብቻ ካነጻጸርናቸው የአገር ውስጡን መከላከል አይቻልም። ኤሌመንተም ሲከፈት ይንሸራተታል፤ ስለቱ በእጀታው መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጠርዞቹም ልስልስ ናቸው። ሦስት እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅበት ቡጋውት እጀታው ሲጨበጥ በጥቂቱ ይተጣጠፋል፤ ይህ የክብደቱ ማነስ ያስከተለው ሆን ተብሎ የተደረገ ምርጫ ቢሆንም 180 ዶላር የከፈለን ሰው እጅ ቅር ያሰኛል። መቆለፊያውን የሚገፉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችም ሊሰበሩ የሚችሉ ናቸው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ? በከፊል ወደ መቆለፊያው ነው። ቤንችሜድ አክሲስ ብሎ የሚጠራው መቆለፊያ ከስለቱ መንገድ ውጭ ሆኖ በሁለቱም ጎን የሚሳብ ስለሆነ፣ ግራኝም ቀኝም ጣቱን ስለቱ ፊት ሳያደርግ በአንድ እጅ ይዘጋዋል። ሰንጢ ሲዘጋ ጣት የመቆረጥ ፍርሃት ዋነኛ ቅሬታቸው ለሆነ ሰዎች ይህ ብቻውን ይበቃል። በከፊል ደግሞ ገንዘቡ ወደ አገልግሎት ይሄዳል፤ ኩባንያው ሰንጢውን በፖስታ ሲልኩለት ያለ ክፍያ ስሎ፣ አጽድቶ፣ የላላውን አጥብቆ፣ የመመለሻ ፖስታ ብቻ አስከፍሎ ይመልሳል። ስለት መሳል የማይችል ወይም የማይወድ ሰው ይህን በዋጋው ውስጥ ማስላት አለበት። የቡጋውት ብረት የሆነው ኤስ30ቪ ጠንካራ በመሆኑ በተራ ድንጋይ ለመሳል ትዕግሥት ይጠይቃልና። የብረቱ ነገር የራሱ ታሪክም አለው፤ ይህን ብረት በሲራኪዩስ፣ ኒው ዮርክ ሲሠራ የነበረው ክሩሲብል በ2024 መጨረሻ ለኪሳራ አመልክቶ ንብረቱ ተሽጧል፤ ስለዚህ በአሜሪካ የተሠራ ሰንጢ ከአሜሪካ ብረት ጭምር ይሁን የሚል ገዢ ምርጫው እየጠበበ መጥቷል።

ዴሊካ ከሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሦስቱ ቅሬታ የሚያንስበት እርሱ ነው። በስለቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ጓንት በለበሰ እጅ እንኳ ያስከፍታል፤ ክሊፑ በአራት ቦታ ሊገጠም ይችላል፤ ስለቱም ቀጭን ስለሆነ በእውነት ይቆርጣል። ጉድለቱ እንደ ባክ 110 ከጀርባ መቆለፉ ነው። አሜሪካዊ ግን አይደለም፤ ገዢው የጃፓን እጅ ከቻይና እጅ የሚለይበት ምክንያት ካለው እርሱ ራሱ ያውቃል።

በየትኛውም አገር ቢሠሩ የማይለቁ ቅሬታዎች

የኪስ ክሊፕን ያስለመደን ስፓይደርኮ በ1981 ያወጣው ወርከር የተባለ ሰንጢ ነው። ክሊፕ ሰንጢውን ከኪስ ሥር ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ከመንከራተት አድኖታል፤ ዳሩ ግን ሱሪን ይበላል፣ የመኪና በር ይቧጭራል፣ የሶፋ ቆዳም ይቀድዳል። ከክሊፑ ሥር ያለው የእጀታው ገጽ ሸካራ ከሆነና ክሊፑ በላዩ በጣም ከጠበቀ ጨርቁ በሁለቱ መካከል እንደ ሞረድ ይፈገፈጋል። ከመግዛት በፊት ክሊፑ ሥር ጣትን አስገብቶ መዳሰስ ይህን ያሳውቃል። ክሊፑ የማይነቀል ወይም ለቀኝ እጅ ብቻ የተቦረቦረ ከሆነ እኔ ሌላ እፈልጋለሁ።

ሌላው ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ስለት ነው። ገመድ ለሚቆርጥ ሰው ሙሉ በሙሉ ጥርስ ያለው ስለት ጥቅም አለው፤ ግማሽ ግማሹ ግን ለመላጥና ለመቅረጽ የሚያስፈልገውን ለእጅ የቀረበ ክፍል ወስዶ ለጥርሱ ይሰጠዋል፤ ጥርሱንም በቤት መሳል ያስቸግራል። በመደብር ርካሽ ሆነው ከሚሰቀሉት ሰንጢዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የጦር ሜዳ መልክ ያለው ጥቁር ቅብም በጥቂት ወራት ውስጥ ይቧጨራል። ስለቱን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላው የኩባንያ ስምና የብረት ዓይነት ጽሑፍ ደግሞ ሥራ ባያበላሽም ዓይን ያስጠላል፤ በዚህ ጥፋት አሜሪካውያኑም ቻይናውያኑም እኩል ናቸው።

ሲበላሽ

ባክና ኬዝ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ሌዘርማን የ25 ዓመት ዋስትና አለው። ዋስትናው የሚጠቅመው ግን አሜሪካ ውስጥ ሆኖ በጥቂት ዶላር ፖስታ ለሚልክ ሰው ነው። ዕቃው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዱባይ በስጦታ የሚሄድ ከሆነ የመላኪያው ዋጋ ከሰንጢው ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለዚያ ተቀባይ ዋስትና ከማየት ይልቅ በማንኛውም ድንጋይ የሚሳል ብረትና የሚሰበር ቀጭን ክፍል የሌለበት አሠራር ማየት ይበልጣል። በዚህ መመዘኛ ባክ 110 እና የቪክቶሪኖክስ ካዴት ከቡጋውት ይቀድማሉ። ብሎን ያላቸው ሰንጢዎች ባለ ስድስት ጥርስ ቶርክስ መፍቻ ስለሚጠይቁ መፍቻውን አብሮ መላክ ነው፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ሰንጢውን መፍታት ዋስትናውን ያስቀራል ይላሉ፤ ይህንም ከመፍታት በፊት ማንበብ ይገባል።

ሕግና ጉዞ

የስለት ርዝመት ከምርጫ በላይ የሕግ ጉዳይ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። በኮሎራዶ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ8.9 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ስለትን ደብቆ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ የሚያዝ ግን ልዩ ሁኔታ አለው። ባክ 110 እና ቀጭኑ ወንድሙ ሁለቱም ከዚህ ልክ ያልፋሉ፤ ቀበቶ ላይ ከሚታየው ሰገባ ይልቅ ኪስ ውስጥ የሚገባው ስሊም የበለጠ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ነገሩ ይገለበጣል፤ 4 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ስለት በአደባባይ አይያዝም፣ ከዚያ ያነሰውም ቢሆን ለዓይን እንዲታይ ሆኖ መያዝ የለበትም፤ ስለዚህ ከኪስ ብቅ የሚለው ክሊፕ ራሱ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገባ ሰው ስለቱ ከ2.5 ኢንች ያነሰ የኪስ ሰንጢ በሕጉ ከአደገኛ መሣሪያ አይቆጠርበትም፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ ግን ሊከለክለው ይችላል። በብሪታንያ ላሉ አንባቢዎች ምርጫው ይበልጥ ጠባብ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚቻለው ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠና የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ በመሆኑ፣ ከዚህ ንጽጽር ውስጥ ቡጋውት፣ ዴሊካ፣ ኤሌመንተም፣ ሊክና ሁለቱ ባኮች ይወድቃሉ፤ ካዴት ያልፋል፤ ኬዝም ትራፐሩን ትቶ ከትንንሾቹ ሞዴሎች አንዱን ለሚመርጥ ሰው ይሆናል።

በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ሁሉም እኩል ናቸው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር በ2013 ትንንሽ ሰንጢዎችን ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል ለማስገባት አቅዶ፣ ከበረራ አስተናጋጆችና ከሌሎች ተቃውሞ ስለገጠመው በዚያው ዓመት ሰኔ ሐሳቡን ትቶታል። ስለዚህ ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠለው 58 ሚሊሜትር የቪክቶሪኖክስ ክላሲክ እንኳ ሳይቀር ስለቱ ተዘግቶና ተጠቅልሎ፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከቤት ከመውጣት በፊትም የእጅ ቦርሳንና የጃኬት ኪስን መፈተሽ ያስፈልጋል።